ሬጉሌተሬ ውስጥ አረንጓዴ ነገር አገኘሁ፤ ሁሌ እያጠብኩት ከየት መጣ?

ማዕበል፦
ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ነገር ግራ ገብቶኝ ነው። ትናንት ማታ የዳይቭ፣ ማለትም ባሕር ውስጥ የምጠልቅበትን ዕቃዬን ሳዘጋጅ፣ የሬጉሌተሬን (ከሲሊንደር አየር ተቀብሎ የሚያስተነፍሰኝን ዕቃ) የፈርስት ስቴጁን፣ ማለትም ሲሊንደሩ ላይ የሚታሰረውን ክፍል ክዳን አነሳሁ። አየር በሚገባበት ቀዳዳ ላይ ያለችው ትንሿ ፊልትሮ ዳር ዳሯን አረንጓዴ ሆናለች። መሃሏ ገና ወርቃማ ነው፣ ጠርዟ ላይ ግን በጥፍር ሲነኩት የሚረግፍ አረንጓዴ ዱቄት አለ። እኔ ደግሞ ከባሕር በወጣሁ ቁጥር ጀልባው ላይ ባለው የማለቅለቂያ ገንዳ ውስጥ እዘፈዝፈዋለሁ፣ ሳላጥብ ያስቀመጥኩበት ጊዜ የለም። ስተነፍስበት ምንም አይልም፣ አየሩ እንደ ድሮው ይመጣል። ታዲያ ይሄ ከየት መጣ? ልጠቀምበት ወይስ ላቁመው? ቢላዬም ስቴንለስ ነው ተብሎ የተገዛ ነው፣ እጀታው ስር ዝጓል። ሁለቱ ነገር ይገናኛል?

ጠጋኙ፦
ወንድሜ፣ መጀመሪያ አቁመው። ሬጉሌተር ስጠግን ከሁሉ አስቀድሜ የማየው ያቺን ፊልትሮ ነው፣ ብዙ ነገር ትናገራለች። አረንጓዴ ከሆነች ውሃ፣ በተለይ የጨው ውሃ፣ በመግቢያው በኩል ገብቶ ነሐሱን እየበላው ነው። ቡናማ ወይም ቀላ ያለ ዱቄት ካለባት ከብረት ሲሊንደር የመጣ ዝገት ነው። ነጭ ወይም ግራጫ ከሆነች ከአሉሚኒየም ሲሊንደር የመጣ ነው።

«አየሩ ጥሩ ይመጣል» ማለት ደህና ነው ማለት አይደለም። ላይ ሆነህ ስትተነፍስ የምትስበው አየር ትንሽ ነው። 30 ሜትር ላይ ግፊቱ 4 ባር ስለሆነ እያንዳንዱ ትንፋሽ ከውሃ በላይ ሆነህ ከምትስበው አራት እጥፍ አየር ይፈልጋል። ግማሹ የተደፈነ ፊልትሮ ሳሎን ውስጥ አይታወቅህም። የሚታወቅህ ታች ሆነህ፣ ሲሊንደሩ እየጎደለ፣ ትንፋሽህ በፈጠነበት ሰዓት ነው። ከፊልትሮው ጀርባ ያለውን ደግሞ ማንም ሳይፈታው አያየውም። ጨው የከፍተኛ ግፊቱ መቀመጫ (የሲሊንደሩን አየር የሚዘጋው ቫልቭ የሚያርፍበት) ጋ ከደረሰ ፊቱን ይቦረቡረዋል። አንተ አትፍታው፣ ለሚያውቀው ሰው ስጠው።

አሁን ወደ ጥያቄህ። ሰከንድ ስቴጁ (አፍ ላይ የሚያዘው ክፍል) ላይ ያለውን የአየር ማፍሰሻ ቁልፍ ገንዳው ውስጥ ትጫነዋለህ?

ማዕበል፦
አዎ፣ ውስጡ በደንብ እንዲታጠብ ብዬ እጫነዋለሁ። አሸዋ እንዲወጣ። ሲሊንደር ላይ ሳይታሰር ማለቴ ነው።

ጠጋኙ፦
አንዱ መንገድ ይሄው ነው። ሬጉሌተሩ ግፊት ከሌለው ቁልፉን ስትጫን የሰከንድ ስቴጁ ቫልቭ ይከፈታል። ውሃው በሆዙ (በአየር ቱቦው) በኩል ሽቅብ ወደ ፈርስት ስቴጁ ይሄዳል፣ ከዚያ የሚያስወጣው ነገር የለም። ስለዚህ ምርጡ አሠራር ሬጉሌተሩን ሲሊንደር ላይ አስሮ፣ ቫልቩን ከፍቶ፣ ግፊት እንዳለበት መዘፍዘፍ ነው። ያኔ ቁልፉን እንደልብህ ተጫን፣ አየር ይወጣል እንጂ ውሃ አይገባም። ሲሊንደር ከሌለ ክዳኑን አጥብቀህ ዝጋና ዘፍዝፍ፣ ቁልፉን ግን አትንካ። አንዳንድ ሰከንድ ስቴጅ በተቀመጠበት መቀመጫው እንዳይጎዳ ቫልቩን ትንሽ የሚከፍት ማስተካከያ አለው። እሱም ሲታጠብ እንዳይረሳ።

ሁለተኛው መንገድ ክዳኑ ራሱ ነው። ሲሊንደሩን ስትፈታ ክዳኑ እርጥብ ሆኖ ተንጠልጥሏል። እርጥብ ክዳን መግቢያው ላይ ገጠምክ ማለት ጠብታውን እዚያው ቆለፍክበት ማለት ነው። ብዙ ሰው በሲሊንደር አየር «ፍሽሽ» አድርጎ ያደርቃል። ያ ግማሹን ጠብታ ወደ ውስጥ ይገፋዋል፣ ቫልቩ አፍ ላይ ውሃ ካለ ደግሞ እሱንም ይረጨዋል። በደረቅ ጨርቅ ጥረገው፣ አለቀ። የክዳኑን ኦሪንግም (ውሃ እንዳያልፍ የሚዘጋውን የጎማ ቀለበት) እይ፣ ከተሰነጠቀ ቀይረው። የዲን ገጣሚ (ሲሊንደሩ ቫልቭ ውስጥ በጥርስ የሚጠመዘዝ) ያላችሁ ደግሞ ልብ በሉ፣ አብሮ የሚመጣው የፕላስቲክ ክዳን ብዙ ጊዜ አቧራ ይከለክላል እንጂ ውሃ አይከለክልም።

ሰማያዊት፦
ስለ ገንዳው ግን ማንም አላነሳም። ሁሉም ሰው የሚነክርበት ገንዳ እኮ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ንጹህ ውሃ አይደለም። ባሕር ውሃ በሊትር 35 ግራም ያህል ጨው አለው፣ እያንዳንዱ ሱት (የጠላቂ ልብስ) እና ቢሲዲ (አየር እየተሞላ ጠላቂውን የሚያንሳፍፍ ሰደርያ) ከዚያ ሞልቶ መጥቶ እዚያው ይፈሳል። በመጨረሻ የነከረ ሰው ዕቃውን በቀጭን ባሕር ነው ያጠበው። ጀልባ ላይ ነክሬው ብመጣም ቤት ስደርስ በአዲስ ውሃ ደግሜ ካልዘፈዘፍኩት አጠብኩት አልልም። ዋናው እንዳይደርቅ ነው። ጨው አንዴ ከደረቀ በኋላ ማስወጣቱ መከራ ነው።

መልህቅ፦
ውሃው ሞቅ ያለ ይሁን። ጨውን የበለጠ ያሟሟል።

ጨውና ብረት፦
@መልህቅ ሞቅ ያለ ውሃ ይረዳል፣ ምክንያቱ ግን ትንሽ ይለያል። የገበታ ጨው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥም ሙቅ ውሃ ውስጥም የሚሟሟው መጠን ብዙም አይራራቅም፣ በ100 ሚሊ ሊትር ወደ 36 ግራም አካባቢ ነው። ሙቀቱ የሚጠቅመው ቶሎ እንዲሟሟና ከጠባብ ቦታ ፈጥኖ እንዲወጣ ነው። ግን ለብ ያለ ይብቃ። የፈላ ውሃ ፕላስቲኩንና ጎማውን ይጎዳል።

ከሙቀቱ በላይ ጊዜው ነው ዋናው። ጨዉ ያለው ሰፊው ፊት ላይ አይደለም። ብሎን ስር፣ ክሮሙ የተላጠበት ጠርዝ ላይ፣ ሆዙ ከፈርስት ስቴጁ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ነው ያለው። ከዚያ የሚወጣው ቀስ እያለ ነው። በቧንቧ ረጨት አድርጎ መሄድ ላዩን ብቻ ያሳምራል።

አንድ ነገር ደግሞ ብዙ ሰው አያስተውልም። «ደርቋል፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው፣ አይዝግም» ይባላል። የባሕር ጨው ውስጥ ማግኒዚየም ክሎራይድ አለ። እሱ አየሩ ብዙም ሳይረጥብ እንኳ ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ስለዚህ ጨው ያለበት ብረት መደርደሪያ ላይ ተቀምጦም እርጥብ ነው። መበላቱ ይቀጥላል። ዕቃው ውሃ ውስጥ ከሚጎዳው ይልቅ ሁለት ዳይቭ መሃል ተቀምጦ የሚጎዳው ይበዛል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ማዕበል፦
ይሄ አስገረመኝ። እኔ እኮ ከደረቀ ሁሉም ያለቀ ነበር የሚመስለኝ። ቢላውስ? ስቴንለስ አይዝግም አልነበር?

ጨውና ብረት፦
አይዝግም ሳይሆን ለመዝገግ አስቸጋሪ ነው። ስቴንለስን የሚጠብቀው ላዩ ላይ ያለ በጣም ስስ የክሮሚየም ኦክሳይድ ሽፋን ነው። ሽፋኑ ሲጫር ከኦክሲጅን ጋር ተገናኝቶ ራሱን ያድሳል። አሁን እጀታህ ስር የሆነውን አስበው። ውሃ ገብቶ ቆሟል፣ ውስጡ ያለው ኦክሲጅን አልቋል፣ ክሎራይዱ ደግሞ ሽፋኑን ይበሳል። የሚጠግነው ኦክሲጅን የለም። ስለዚህ ስቴንለስ ሜዳው ላይ እያብረቀረቀ ስንጥቁ ውስጥ ይበላል።

ዓይነቱም ይለያያል። 316 የሚባለው ከ2 እስከ 3 በመቶ ሞሊብዲነም ስላለው ከ304 በተሻለ ጨው ይችላል። ጥሩ ስለት የሚይዙ የቢላ ብረቶች ግን ለጥንካሬ ሲባል ካርቦናቸው ይበዛል፣ ቶሎም ይዝጋሉ። ማግኔት አስጠጋው። ጥብቅ አድርጎ ከሳበው ከእነዚህ ወገን ነው። ከእያንዳንዱ ቀን በኋላ እጀታው የሚፈታ ከሆነ ፍታው፣ እጠበው፣ አድርቀው፣ ስስ የሲሊኮን ግራሶ ቀባው። ካልሆነ ቲታኒየም ግዛ። ቲታኒየም ባሕር ውስጥ አይዝግም።

አረፋ፦
ሬጉሌተርም ቲታኒየም አለ፣ ለምን ሁሉም እሱን አይገዛም?

ጠጋኙ፦
ኦክሲጅን የበዛበት ጋዝ ለሚጠቀም ሰው ቲታኒየም አይሆንም። ኦክሲጅን በበዛበትና ግፊት ባለበት ቦታ ሊቀጣጠል ይችላል። ለተራ አየር ግን ጥሩ ነው፣ ቀላልም ነው። አብዛኛው ፈርስት ስቴጅ ክሮም የተቀባ ናስ የሆነው ናስ በቀላሉ ስለሚቀረጽና ከኦክሲጅን ጋርም ስለሚስማማ ነው። ክሮሙ ሳይቆሰል ናሱ ዕድሜውን ይኖራል። ስለዚህ ፈርስት ስቴጅህን ድንጋይ ላይ አትጣለው፣ በመፍቻም አትታገለው። ክሮሙ ከተላጠ ጨው ከስሩ ይገባና ዳር ዳሩን እያሰፋ ይሄዳል።

ቀዝቃዛ ውሃ፦
እኔ አረንጓዴ ሲመጣ ሙሉውን ፈርስት ስቴጅ አቼቶ ውስጥ አሳድራለሁ። ጠዋት እንደ አዲስ ያብረቀርቃል። ለምን ለሰው ገንዘብ ትከፍላላችሁ?

ጠጋኙ፦
ወዳጄ፣ በጣም ነው የምለምንህ፣ ይሄን አታድርግ። አቼቶ አሲድ ነው። አረንጓዴውንና ኖራ የመሰለውን ነጭ ክምችት ያሟሟል፣ እውነት ነው። ሲቆይ ግን ናሱ ውስጥ ያለውን ዚንክ ያወጣል። ዚንኩ ሲወጣ የሚቀረው መዳብ ነው፣ ብረቱ ወደ ሐምራዊ ሮዝ ያደላል፣ ስስና ደካማም ይሆናል። ክሮሙ በተላጠበት ጠርዝ አሲዱ ከስር ገብቶ ቅቡን ያነሳዋል። ሳይፈታ ስለዘፈዘፍከው ደግሞ አሲዱ ጎማዎቹና መቀመጫዎቹ መሃል ገብቶ ይቀራል።

እኛም አሲድ እንጠቀማለን። ግን ዕቃው አንድ በአንድ ተፈትቶ፣ ጎማና ፕላስቲኩ ወጥቶ፣ አሲዱ በውሃ ቀጥኖ፣ ለደቂቃዎች ብቻ፣ ዓይናችንን ሳንነቅል ነው። ከዚያ በደንብ ታጥቦ ይደርቃል። አሉሚኒየም ቁራጭ ጭራሽ አይገባበትም። ማብረቅረቁ አያታልልህ። ያብረቀረቀው ላዩ ነው።

ሰማያዊት፦
ሰዉ ሁሉ ሬጉሌተር ላይ ተጠምዶ ቢሲዲውን ረስቶታል። የሚያስፈራኝ እኮ እሱ ነው። የቢሲዲው ፊኛ ውስጥ በእያንዳንዱ ዳይቭ ትንሽ ውሃ ይገባል። ሲደርቅ ጨዉ ይጠጥራል፣ ጨዉ የመሙያ ቁልፉ ውስጥ ይገባል። ቁልፉ ከተጫኑት በኋላ ሳይመለስ ይቀራል፣ ወይም ራሱን ቀስ እያለ ይሞላል። ታች ላይ ሆነሽ ፊኛሽ ሳታዢው ሲሞላ ምን እንደሚሆን ለዚህ ቤት ሰው አልነግርም። በፍጥነት ወደ ላይ መውጣት ሳንባ ሊቀድድ ይችላል።

አሠራሩ ቀላል ነው። አፍ በሚገባበት በኩል ንጹህ ውሃ ወደ ሲሶ ያህል ሙሉ፣ አየር ንፉበት፣ ገልብጡት፣ አራግፉት፣ በሁሉም ማስወጫ አፍስሱት። ውሃው ጨው ጨው እስከማይል ድገሙት። ከዚያ የቢሲዲውን ቁልፎች ውሃ ውስጥ እየተጫናችሁ አለቅልቁ። ሲቀመጥ ትንሽ አየር ይኑረው፣ ውስጡ እንዳይጣበቅ። የመሙያ ቁልፉ ሲጫኑት የሚሻክር ወይም ቀስ ብሎ የሚመለስ ከሆነ ዳይቩ ይቅር።

አረፋ፦
ግራሶ ላይ አንድ ጥያቄ። ኦሪንግ ላይ ብዙ ብቀባ ይሻላል አይደል? ውሃ እንዳይገባ?

ጨውና ብረት፦
አይሻልም። ውሃ የሚዘጋው ግራሶው አይደለም፣ ግፊቱ ኦሪንጉን ጎድጓዳው ግድግዳ ላይ ሲያጣብቀው ነው። ግራሶ የሚያስፈልገው ኦሪንጉ ሲገባ እንዳይጠማዘዝና እንዳይላጥ ብቻ ነው። ጣትህ ላይ አድርገህ አሻሸው፣ ላዩ ወዝ ካለው በቃ። ብዙ ከሆነ አሸዋና ፀጉር ይሰበስባል። ካሜራን ከውሃ በሚከላከል ቤትና በመብራት ኦሪንግ ላይ አንዲት ፀጉር ሁሉን ታፈርሳለች፤ ከመዝጋትህ በፊት በጣትህ ዙሪያውን ዳስሰው።

ሲሊኮን ግራሶ ከሲሊኮን ከተሠራ ጎማ ጋር አይስማማም፣ ያብጠዋል። እና ከ40 በመቶ በላይ ኦክሲጅን ካለበት ጋዝ ጋር የሚነካካ ዕቃ ላይ ሲሊኮን ግራሶ አይቀባም። ለኦክሲጅን ተብሎ የተሠራ ግራሶ አለ። ይሄ የእሳት ጉዳይ ነው።

ቀዝቃዛ ውሃ፦
እሺ አቼቶውን ትቼዋለሁ። አንድ ነገር ግን ልከራከር። በየዓመቱ ሬጉሌተር ማስፈታት እኔ አይገባኝም። በደንብ የሚሠራውን ነገር ፈትቶ መግጠም ራሱ ስህተት ያስገባል። ከጥገና የመጣ ዕቃ በመጀመሪያው ዳይቭ ሲያፈስ ያየነው ብዙ ነን።

ጠጋኙ፦
ክርክርህ ባዶ አይደለም። ስለዚህ ነው ከጥገና የመጣ ዕቃ መጀመሪያ ጥልቀት በሌለው ውሃ የሚሞከረው። አምራቾቹም አንድ አይደሉም። አንዳንዱ በየዓመቱ ወይም በየ100 ዳይቩ ይላል፣ አንዳንዱ በየዓመቱ ይፈተሽ፣ በሁለት ዓመት ይፈታ ይላል። የራስህን መጽሐፍ እይ።

ግን ቀን መቁጠር ብቻውን አይበቃም። ሳትፈታ የምታየው ነገር አለ። ሲሊንደር ላይ ሳታስር ክዳኑን አጥብቀህ ዝጋና በአፍህ ሳብ። ምንም መምጣት የለበትም። አየር ከመጣ ወይ ዲያፍራሙ (ሰከንድ ስቴጁ ውስጥ ያለው ስስ የጎማ ሽፋን) ወይ የማስወጫው ጎማ ያሾልካል፣ ወይ አፍ መያዣው ተቀዷል፤ ውሃ ውስጥ እሱ ውሃ ነው የሚሆነው። ሁለተኛ፣ የመሃል ግፊት (ከፈርስት ስቴጁ ወደ ሰከንድ ስቴጁ የሚሄደው አየር ግፊት) መለኪያ ጌጅ ግዛና ቢሲዲ የሚገባበት ሆዝ ላይ ሰካው። በአብዛኛው ከ9 እስከ 10 ባር አካባቢ ነው፣ የአንተን ከመጽሐፉ ታገኛለህ። አንዴ ተንፍሰህ መርፌውን አትኩረህ እይ። ወርዶ ተመልሶ ቆመ? ደህና ነው። ከቆመ በኋላ ቀስ ቀስ እያለ ሽቅብ የሚሄድ ከሆነ የከፍተኛ ግፊቱ መቀመጫ አልቋል። ቆይቶ ሰከንድ ስቴጁ በራሱ አየር መልቀቅ ይጀምራል። ይሄ መርፌ ዓመቱ እስኪሞላ አይጠብቅም።

ሌላው፣ ጎማ ባይሠራበትም ያረጃል። «ሦስት ዓመት አልነካሁትም፣ አዲስ ነው» የሚል ሰው ዕቃ ብዙ ጊዜ በየሳምንቱ ከሚጠልቀው ሰው ዕቃ ይብሳል።

መልህቅ፦
ሆዞቹስ? የኔ በጨርቅ መሰል የተጠለፈ ነው፣ አይሰነጠቅም ይባላል።

ጠጋኙ፦
የጎማ ሆዝ ሲያረጅ ላዩ ላይ ይነግርሃል። ብረቱ አንገት ላይ ያለውን መከላከያ ጎማ ወደኋላ ሳበው፣ ከስሩ ነው የሚሰነጠቀው፣ ውሃም እዚያው ነው የሚያድረው። በጣትህ አጠፍ አድርገህ እይ። የተጠለፈው ግን ከላይ ምንም ሳይል ከውስጥ ሊበላሽ ይችላል። የውስጡ ፕላስቲክ ሙቀትና እርጥበት ባለበት ቦታ ሲቆይ ጠጥሮ እየፈረሰ አየር መንገዱን የደፈነባቸው ተገኝተዋል። ውስጡን ስለማታየው ዕድሜውን ጻፍበት፣ አምራቹ ባለው ጊዜ ቀይረው። ፈልገህ ብዙ አታጥፈው፣ ስታስቀምጠውም በሰፊው ጠቅልለው።

የግፊት ጌጁ ሲዞር ከመገጣጠሚያው ትንንሽ አረፋ ከወጣ አትደንግጥ። እዚያ ውስጥ ሁለት ጥቃቅን ኦሪንግ ያላት ዘንግ አለች። በቀላሉ ትቀየራለች። ግን ቀይራት፣ አትተዋት።

ማዕበል፦
ተመለስኩ። ሬጉሌተሩን ለባለሙያ ሰጠሁት፣ አብሬው ቆሜ አየሁት። ፊልትሮዋ ተጥላለች። ከኋላዋ ትንሽ አረንጓዴ ነበር፣ መቀመጫው ጋ ግን አልደረሰም። የክዳኑ ኦሪንግ ጠፍጣፋ ሆኖ ነበር፣ ውሃው የገባው በዚያ ይመስላል ብሎኛል። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አሁን ጥያቄዬ ስለ ሲሊንደር ነው። የራሴን አሉሚኒየም ሲሊንደር ልገዛ ነው። እሱስ ይበላል?

ጨውና ብረት፦
ይበላል፣ በሌላ መንገድ። አሉሚኒየም እና የቫልቩ ናስ ሁለት የተለያዩ ብረቶች ናቸው። መሃላቸው የጨው ውሃ ሲገባ እንደ ባትሪ ይሠራሉ፣ የሚበላው አሉሚኒየሙ ነው። አንገቱ ጥርሱ ላይ ነጭ ዱቄት ይሠራና ቫልቩን ያጣብቀዋል። ለዚህ ነው ባለሙያው ሲገጥም ጥርሱ ላይ ተገቢውን ግራሶ የሚያደርገው። ከታች የሚለብሰውን የፕላስቲክ ጫማ አውልቀህ እጠብ፣ ውሃው እዚያ ነው የሚያድረው። የብረት ሲሊንደር ከሆነ በጫማው ስር ዝጎና ተቦርቡሮ ልታገኘው ትችላለህ። ቀበቶው የሚያርፍበትን ቦታም እይ፣ ቀለሙ ከተላጠ ጨው እዚያ ይቀመጣል።

ያገለገለ የምትገዛ ከሆነ ቅይጡን ጠይቅ። 6351 ከሚባለው ቅይጥ የተሠሩ አሮጌ ሲሊንደሮች አንገታቸው ላይ ቀስ እያለ የሚያድግ ስንጥቅ ሊታይባቸው ይችላል። 6061 ያ ችግር የለበትም።

ጠጋኙ፦
ጨርሰህ ባዶ አታድርገው። ትንሽ ግፊት ይቅርበት፣ ቫልቩም ይዘጋ፣ እርጥብ አየርና ባሕር ውሃ እንዳይገባ። ደንቡ እንደየአገሩ ይለያያል፣ በብዙ ቦታ ውስጡ በየዓመቱ ይታያል፣ በየ5 ዓመቱ በውሃ ግፊት ይፈተናል። የብረት ሲሊንደር ውስጡ እርጥበት ይዞ ረጅም ጊዜ ከቆመ ዝገቱ ኦክሲጅኑን ይበላዋል። ጌጁ ሙሉ ይላል፣ አየሩ ግን የሚያኖር አይደለም። ስለዚህ ለወራት የቆመ ሲሊንደር ካለህ አየሩን ቀስ አድርገህ አፍስስና ውስጡን አሳይ፣ ከዚያ በአዲስ አየር አስሞላው።

አረፋ፦
ሱቱንና ኮምፒውተሩን በአጭሩ ብትነግሩኝ?

ሰማያዊት፦
ሱቱን ገልብጠሽ እጠቢ፣ በወፍራም ማንጠልጠያ ጥላ ውስጥ ስቀዪ። ፀሐይ ጎማውን ይገድለዋል። ዚፑን ከጨውና ከአሸዋ አጽጂና ሰም አስነኪው፤ የድራይሱት (ውሃ ጭራሽ የማያስገባ ልብስ) የናስ ዚፕ ከሆነ በተለይ። የላቴክስ አንገትና እጅ ያለው ሱት ካለሽ መዳብና ናስ ነክ ነገር አጠገቡ አታስቀምጪ፣ ላቴክሱን ያፈርሰዋል። ሽታ የሌለው ታልክ ነስንሺበት።

ኮምፒውተሩን (ጥልቀትና ጊዜ የሚለካውን የዳይቭ መሣሪያ) ዝም ብለሽ ንጹህ ውሃ ውስጥ አቆዪው። የግፊት መለኪያዋ ቀዳዳ በጨው ከተደፈነች ጥልቀቱን ይሳሳታል። በሲሊንደር አየር ወይም በመርፌ እንዳትነኪያት፣ ውስጧ ያለው ስስ ሽፋን ይቀደዳል። ውሃ ሲነካው የሚበራ ከሆነ ሁለቱን የብረት ነጥቦች በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ አሽዪያቸውና አድርቂያቸው፣ አለበለዚያ መሬት ላይም ዳይቭ ላይ ነኝ እያለ ባትሪውን ይጨርሳል።